ለባሱን የሚሆን ከንፈር

ይህን የምጽፈው አንድ ቀን ውሃ ሲጠጣ ከከንፈሩ ጥግ ለሚፈስበት ሰው ነው። «ብርድ ነው፣ ያልፋል» ብሎ እንደ እኔ አሥራ ሁለት ቀን እንዳያባክን። የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ጽሑፍ አልለመድኩም። ያለፈውን ሳስታውስም ግማሹ እንደ ሕልም ነው የሚመጣልኝ። የምችለውን ያህል በተራ እናገራለሁ።

ወንድሜ ግርማ የሞተው ክረምቱ ሲገባ ነው። «ጋሼ» ነበር የምለው። በአሥራ ሦስት ዓመት ይበልጠኛል። እኔ አሁን አምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለሆንኩ ግን ዘመድ ሁሉ እስከ ዛሬ «ልጁ» ነው የሚለኝ። ጋሼ ጠዋት ሸሚዙን እየቆለፈ ሳለ አልጋው ላይ ቁጭ አለ። አልተነሳም። ልቡ ነው አሉ።

ድንኳኑ የተተከለው ብስራተ ገብርኤል፣ እሱ ቤት በር ላይ ነው። የሸራው አንድ ጎን በደንብ አልታሰረም ነበር። ነፋስ ሲመጣ ይነፋል፣ ደግሞ ይረግባል። ይነፋል፣ ይረግባል። ትልቅ ሳንባ ውስጥ የተቀመጥኩ ይመስለኝ ነበር። ሦስቱን ቀን እዚያ ጥግ አሳለፍኩ። የሰው ድምፅ የሚሰማኝ ከሩቅ ነው። ከግራ ጆሮዬ ኋላ ይጠዘጥዘኛል፤ እንቅልፍ ማጣት ነው አልኩ።

በሁለተኛው ቀን የግራ ዓይኔ ውሃ ማፍሰስ ጀመረ። አላቋርጥ አለ። ጋቢውን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤያለሁ። ጢሜን አልተላጨሁም። ከፊቴ ለሰው የሚታየው ዓይኔ ብቻ ነው፤ እሱም ይፈስሳል። አንዲት የሰፈሩ እናት አጠገባቸው ላሉት ሴት ሲናገሩ ሰማሁ።

«አይ ይሄ ልጅ! እንባው እንኳ አልደርቅ አለ። ወንድም እንዲህ ነው እንጂ።»

እውነቱን ልናገር። አላለቀስኩም ነበር። ጋሼ ከሞተ ጀምሮ አንድ ጠብታ አልወጣኝም። ያ እንባ የሕመም ነበር፤ የእኔ አልነበረም። የማይገባኝን ምስጋና እንደወሰድኩ ተሰማኝና አፈርኩ። በለቅሶ ላይ ተቀምጦ «ፊቴ ደነዘዘ» ማለት ደግሞ የሟቹን ቦታ መሻማት መሰለኝ።

ሻይ ሲሰጡኝ እፍ አልኩ። ትንፋሼ በግራ ከንፈሬ ጥግ ሾልኮ ወጣ። ይህን ሌላ ሰው ባያውቅ አይፈረድበትም። እኔ ግን ማወቅ ነበረብኝ። በወጣትነቴ እንጀራዬ ትንፋሼ ነበር።

ወደኋላ ልመለስ። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ጋሼ የጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ውስጥ አስገባኝ። እሱ እዚያው ክላርኔት ይጫወታል። አለቃችን ቁመቴን አይተው «ይሄ ለባሱን ይሆናል» አሉ። ባሱን ከእንጨት የተሠራ የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ ሲገጣጠም የአሥር ዓመት ልጅ ያህላል። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ጓዳ ሆኖ ለራሱ የሚያወራ ሽማግሌ ይመስላል። የሚነፋው በሪድ ነው። ሪድ ማለት ከሸምበቆ ተቀርጾ በክር የታሰረ፣ ሁለት ስስ ምላስ ያለው ትንሽ ነገር ነው። ሁለቱ ከንፈሮች እኩል ካልያዙት ድምፅ የለም።

ማታ ማታ ሥራ ሲያልቅ እኔና ጋሼ ለራሳችን የምንጫወታት አንዲት ዝግ ያለች ዜማ ነበረች። እሱ ከላይ ዜማውን ይወስዳል፤ እኔ ከሥር እሄዳለሁ። ከዚያ መንግሥት ተቀየረ፤ የሙዚቃ ክፍሉ ተበተነ። ባሱኑን ለዕቃ ግምጃ ቤት አስረክቤ ፈረምኩ። ጎፋ ቀለም መሸጫ ሱቅ ተቀጠርኩ፤ እስከ ዛሬ እዚያው ነኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አልነካሁትም።

ጋሼ ጡረታ ሲወጣ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ምናለሽ ተራ አንድ ባሱን አገኘ። ሻጩ ምን እንደሆነ አያውቅም። ጋሼ በአውቶቡስ ተሸክሞ ቤቴ ድረስ አመጣልኝ።

«ደረጀ፣ ያችን ዜማ አንድ ጊዜ ብቻ» አለኝ።

«በዚህ ዕድሜዬ? ሰው ይስቅብኛል።»

«እኔም አለሁ፤ በሁለታችንም ይሳቅ።»

«ሌላ ጊዜ፣ ጋሼ።»

ይዞት ተመለሰ። በየበዓሉ ይጠይቀኛል። በየበዓሉ «ሌላ ጊዜ» እላለሁ። እንደረሳሁት እሱ ፊት እንዳይታወቅብኝ ፈርቼ ነው። ስድስት ዓመት እንዲህ አልፏል።

ወደ ሕመሙ። በአምስተኛው ቀን ባለቤቴ ሮማን ምሳ ላይ አየችኝ።

«ደሬ፣ ጎርሰህ ወጡ በጢምህ የሚወርደው ለምንድን ነው?»

«ሐሳብ ነው።»

«እስቲ ሳቅልኝ።»

«በዚህ ሰሞን ምኑ ይሳቃል?»

«ሳቅ ብዬሃለሁ!»

ሳቅሁ። እጇን አፏ ላይ ጫነች። በቀኝ በኩል ብቻ ነበር የሳቅሁት።

ሰፈራችን ላፍቶ ያለች ክሊኒክ ሄድን። ደም ተቀዳሁ። ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ ተባልኩ፤ መርፌ ተጻፈልኝ። ፊቴንስ ስል «ሲሻልህ አብሮ ይመለሳል» አሉኝ። አክስቴ ደግሞ ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሽተው አፍንጫዬ ሥር ያዙልኝ። ጸበልም ጠጣሁ፤ ግማሹ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ሁሉም ስለ ወደዱኝ ነው። በዘጠነኛው ቀን ሌላ ክሊኒክ ግፊቴን ለኩና «ስትሮክ ሳይሆን አይቀርም» አሉ። ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ሮማን ሚኒባሱ ውስጥ እጄን አልለቀቀችም። ወንድሜን ልቡ ወሰደው፤ እኔን ደግሞ ጭንቅላቴ ሊወስደኝ ነው አልኩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ትልቁ ሆስፒታል ደረስን። ከጠዋት ጀምሮ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ዝናብ ቆርቆሮውን ይመታል። ዓይኔ ስለማይከደን የሁሉም ሰው ጠርዝ ደብዝዞ ነው የሚታየኝ፤ ነጭ ጋዋን የለበሱት በውሃ ውስጥ የሚሄዱ ይመስላሉ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴት ሳልጠይቃቸው ከዳቧቸው ቆርሰው ሰጡኝ። «በቀኝ አኝከው» አሉኝ። በቀኝ አኘክሁት። ያን ዳቦ አልረሳውም።

ተራዬ ሲደርስ ሐኪሟ ወጣት ናት።

«ግንባርህን ወደ ላይ አንሳ። እንደሚገረም ሰው።»

ተገረምኩ። የቀኝ ግንባሬ ተሸበሸበ፤ ግራው እንደ ሕፃን ለስልሶ ቀረ።

«ጭንቅላትህ ደህና ነው» አለች። «ስትሮክ ቢሆን ብዙ ጊዜ ግንባርህ በሁለቱም በኩል ይሸበሸብ ነበር። ይሄ ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ አብጦ ነው። መቼ ጀመረህ?»

«አሥራ ሁለት ቀን።»

ብዕሯን አስቀመጠች። እብጠቱን የሚቀንስ ክኒን እንዳለ፣ በደንብ የሚሠራውም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ሲጀመር እንደሆነ አስረዳችኝ። የበሽታውን ስም በእንግሊዝኛ ነገረችኝ፤ አልያዝኩትም። ሦስቱን ቀን ያዝኩ። ለአንባቢም የምለው ይህንኑ ነው፤ ፊት በአንድ ጎን ሲወርድ የመጀመሪያው ሥራ ሆስፒታል መሮጥ ነው። ስትሮክ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱ ከዚህም ያጥራል ብላኛለች።

«ይመለሳል?» አልኳት።

«ብዙ ሰው ይመለስለታል። አንተ ግን ዘግይተሃል። ወራት ይፈጃል፤ ሙሉ ላይሆን ይችላል። አሁን ዓይንህን እናድን።»

ዓይኔን የሚያርስ ቅባት ሰጠችኝ፤ ስተኛ በፕላስተር እንድዘጋው ነገረችኝ። የሐምሌ ከሰዓቶች በዚያ ቅባት ውስጥ አለፉ። ሱቁ ፈቃድ ሰጥቶኛል። ምሳ በልቼ ጋደም እላለሁ። ፕላስተሩ ሲላቀቅ የግራ ዓይኔ ክፍት እንደሆነ እንቅልፍ ይወስደኛል። ያኔ ክፍሉንም ሕልሙንም አንድ ላይ ነበር የማየው። መጋረጃው በቦታው ነው፤ ቁምሳጥኑ በቦታው ነው፤ ጋሼ ደግሞ በመካከላቸው ወንበር ላይ ተቀምጦ የክላርኔቱን ቁልፎች በጨርቅ ይወለውላል። አያየኝም። ሊናገር ሲል ዝናቡ ይጨምራል። አንድ ቀን ሮማን ገብታ ወንበሩን ወሰደችው። ለእንግዳ ፈልጋው ነው። ጋሼ ተነስቶ ቆመ፤ አልተከፋም። ስነቃ ወንበሩ በእርግጥም አልነበረም።

በአርባው ጢሜን ልላጭ ሄድኩ። ፀጉር ቆራጩ ልጅ ሳሙና እየቀባኝ፣

«ጋሼ፣ አፍህን አታጣምም፤ እቆርጥሃለሁ» አለኝ።

«አላጣመምኩም። እንዲህ ነው።»

መስተዋቱ ውስጥ አየኝ። ምላጩን አውርዶ «በጠማማው በኩል ዋጋ አልጠይቅም» አለ። ሁለታችንም ሳቅን። እኔ በግማሽ።

ከአርባው በኋላ የጋሼ ባለቤት እትዬ ብርቄ በኮንትራት ታክሲ ቤቴ መጣች። የባሱኑን ሳጥን ይዛለች።

«ወንድምህ ያንተ ነው ይል ነበር። እዚያ ቤት ሳየው አልችልም።»

ከፈትነው። እንጨቱ ዘይት ተቀብቷል፤ ቁልፎቹ ተጠርገዋል። ጥግ ላይ የክኒን ዕቃ አለ፤ ውስጡ ሪዶች። ላፍቶ ወንዝ ዳር ከሚበቅለው ሸምበቆ ራሱ የቀረጻቸው ናቸው። የሚነፋቸው ሰው ሳይኖር በየጊዜው ሲቀርጽ ኖሯል። ሁሉም በሰማያዊ ክር ታስረዋል። እትዬ ብርቄ አንዱን አንስታ አየችው።

«ሌባ!» አለች። «ይሄ የስፌት ክሬ ነው! ስንት ጊዜ ሠራተኛዋን ጠርጥሬ!»

ሳቀች። ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ሳቋ ቆመ።

«አንድ ጊዜ ንፋልኝ።»

ሪዱን በምራቄ አርሼ ከንፈሬ መካከል አደረግኩ። ነፋሁ። ትንፋሼ በግራ በኩል ፍስስ አለ። ደግሜ ሞከርኩ። ፍስስ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከንፈር እያለኝ አሻፈረኝ አልኩ። አሁን ፈለግኩ፤ ከንፈር የለም። «ሌላ ጊዜ» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ቃሉ አልወጣ አለኝ።

ሐኪሟ ፊቴን እንዲያለማምዱልኝ ወደ ፊዚዮቴራፒ ልካኝ ነበርና፣ በሚቀጥለው ቀጠሮዬ ሳጥኑን ይዤ ሄድኩ። የሆስፒታሉ በር ላይ ጥበቃው አስቆመኝ።

«ምንድን ነው?»

«የሙዚቃ መሣሪያ።»

ከፍቶ ቱቦዎቹን አየ። «ይሄ የቧንቧ ዕቃ ነው። ሙዚቃ ከሆነ እስቲ ንፋው።»

«አልችልም።»

«ታዲያ ያንተ መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

ጠማማ አፌን የምሸፍንበትን ጭምብል አወረድኩለት። ፊቴን አየና ሳጥኑን ራሱ ቀስ ብሎ ዘጋው። «ግቡ አባቴ» አለኝ፤ አንቱ ብሎ።

የምታሠራኝ ልጅ ሄለን ትባላለች። ባሱን አይታ አታውቅም። ገጣጥሜ ሳሳያት አንዴ ዞረችው።

«ጋሽዬ፣ ይሄ እኮ አንተን ሊያክል ምንም አልቀረው።»

«ከንፈሬን ያጠነክረዋል ብዬ ነው።»

«አይሆንም» አለች። «ኃይል አይደለም የምንፈልገው። ነርቩ ሲያድግ መንገዱን በዝግታ ነው የሚፈልገው። ካስገደድከው ይስታል። በመስተዋት ፊት፣ ትንሽ ትንሽ። ‹በ› በል። ‹ፐ› በል። ቀኙ እንዳይቀድመው በጣትህ ያዘው።»

«ስንት ጊዜ?»

«ይበቃል እስክልህ።»

በ። ፐ። በ። ፐ። መስከረም እንዲህ አለፈ። አንድ ጠዋት ከላፍቶ በላይ ጉሙ ገና ሳይገፈፍ፣ መስተዋት ፊት ቆሜ ሳለሁ፣ የግራ ከንፈሬ ጥግ ነቅነቅ አለ። እንደ ዓሣ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ሮማንን ጠራኋት። ስትመጣ እምቢ አለ። «ውሸታም» አለችኝ፤ ግን ወንበር ስባ መስተዋቱ ፊት አብራኝ ተቀመጠች። ሱቅ መሄድ ጀምሬያለሁና፣ እስክወጣ ድረስ ጠበቅነው።

ስህተቴን አልደብቅም። ከንፈሬ በጥቅምት እየተነሳ ሲመጣ መታገሥ አቃተኝ። ሮማን ገበያ ስትሄድ ባሱኑን አውጥቼ በሙሉ ኃይሌ ነፋሁት። አንድ ሳምንት እንዲህ አደረግኩ። ድምፅ ወጣ፤ እንደሚጎተት ቁምሳጥን ያለ ድምፅ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ከዚያ ግን ከንፈሬን ባሞጠሞጥኩ ቁጥር የግራ ዓይኔ አብሮ ሲከደን አስተዋልኩ። ሄለን ገና ‹ፐ› ስል ገባት።

«ነፍተሃል።»

«ትንሽ።»

«ጋሽዬ!»

«አንድ ሳምንት።»

አልጮኸችብኝም። ለአፍ የተላከው ትእዛዝ መንገድ ስቶ ለዓይንም እየደረሰ ነው አለች። ሳልነፋም ሊመጣ የሚችል ነገር ነው፤ ማስገደድ ግን ያባብሰዋል። ባሱኑ ተዘጋ። እስክትፈቅድልኝ ድረስ አራት ወር ጠበቅሁ። ፈቃዱም በቀን አምስት ደቂቃ ነበር፤ ቀስ ብሎ፣ መስተዋት ፊት፣ ዝቅ ባለው ድምፅ ብቻ። የሚገርመው ጣቶቼ አልረሱም። ራሴ ሳላስታውስ እነሱ ወደ ቁልፉ ይሄዳሉ፤ እኔ ከኋላ እከተላቸዋለሁ፤ በጨለማ ቤት ውስጥ እጄን ይዞ የሚመራኝ ሰው ያለ ይመስለኛል።

ዛሬ ፊቴ ሙሉ አይደለም። ሲደክመኝ ግራው ይወርዳል። ስነፋ ያ ዓይን ይከደናል። ረጅም ድምፅ ስይዝ ከጥጉ ትንሽ አየር ይፈሳል። ግን ሻይ አቀዘቅዛለሁ፤ እስቃለሁ፤ ሥራዬ ላይ ነኝ። ይህ የደረሰበት ሰው ካለ፣ ዓይኑን ይጠብቅ፤ መስተዋቱን አይፍራ፤ እንደ እኔም አይቸኩል።

የጋሼ ሙት ዓመት በሰኔ ነበር። ዝክሩ ተበልቶ ሰው ከሄደ በኋላ እትዬ ብርቄ ሳሎን ቁጭ አለች።

«አምጥተኸዋል?»

«ታክሲው ውስጥ ረስቼው እንዳይሆን ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

ገጣጠምኩት። ሰማያዊ ክር ያለውን ሪድ አረስኩ። ያችን ዜማ ጀመርኩ። ዝቅ ያሉ ድምፆች ናቸው፤ ሦስት ወደ ታች፣ አንድ ወደ ላይ፣ ቆም። ሦስት ወደ ታች። ቤቱ ባዶ ሲሆን እንጨቱ ወለሉ ላይ ሁሉ ይሰማል። እስከ መጨረሻው ሄድኩ።

«ይሄ ብቻ ነው?» አለች።

«አዎ።»

«ዜማው የታለ?»

«ዜማው የጋሼ ነው። የእኔ ከሥር ነው የሚሄደው።»

ነጠላዋን አጣጠፈች። መልሳ ፈታችው።

«እንደገና ጀምር።»

ጀመርኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ ከላይ አንድ ቀጭን ድምፅ ገባ። አፏን ሳትከፍት ታዜማለች። ጋሼ ስድስት ዓመት ሙሉ ጓዳ ውስጥ ብቻውን ሲለማመድ፣ እሷ ሽንኩርት እየላጠች፣ ልብስ እየተኮሰች ሰምታዋለች። አንድ ድምፅ አላጎደለችም። ፈራሁ። ጣቶቼ ግን ቀጠሉ። የክላርኔቱ ቦታ የት የት እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

መካከል ላይ ድንገት ቆመች።

«ዘገየህ።»

«ትንፋሽ ወስጄ ነው።»

«እሱ እዚህ ጋ አይተነፍስም ነበር።»

«የእኔ ከንፈር ያፈሳል፣ እትዬ። መተንፈስ አለብኝ።»

ከንፈሬን አየች። «እሺ» አለች። «ከመጀመሪያው።»

ከመጀመሪያው ጀመርን። እዚያው ቦታ ስንደርስ ድምጿን ይዛ ጠበቀችኝ።